ስፖርትና ጭንቅላት፦ ለሳይንስ ፕሮጀክታችን ሐሳብ አዋጡልን

ጠያቂዋ_11ኛ | ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የባዮሎጂ ቲቸራችን በቡድን የሳይንስ ፕሮጀክት እንድንሠራ አዘውናል። አራት ነን። ስድስት ሳምንት ተሰጥቶናል። ርዕሳችን «ስፖርት ለአእምሮ የሚሰጠው ጥቅም» የሚል ነው።

ዛሬ ሐሳባችንን ስናሳያቸው «ይሄ ድርሰት እንጂ ፕሮጀክት አይደለም» አሉን። ከኢንተርኔት 11 ገጽ ሰብስበን ነበርኮ። እውነት ለመናገር ከፍቶናል።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ስፖርት የሚሠሩና የማይሠሩ ልጆችን መርጠን የሚድ ውጤታቸውን እናወዳድራለን። የሚሠሩት ከበለጡ ስፖርት ጭንቅላት ይከፍታል ማለት ነው። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትነው? ዕቃ ደግሞ የለንም። የላቡ ክፍል ከተቆለፈ ቆይቷል።

ቡና_ጠጪ | ሰኞ ማታ 2፡52

ስፖርት ጭንቅላት የሚከፍት ቢሆን የእኛ ሰፈር ኳስ ተጫዋቾች ሁሉ ዶክተር ይሆኑ ነበር። ሃሃሃ። ይቅርታ፣ ቀጥሉ።

ባዮ_መምህር | ሰኞ ማታ 3፡30

ቲቸራችሁ ልክ ናቸው። ግን አትከፉ፤ ባሕር ዳር ባዮሎጂ ሳስተምር 14ኛ ዓመቴ ነው፣ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የምለው ይሄንኑ ነው።

እስቲ ሁለት ልጆች አስቢ። አንዱ ከትምህርት በኋላ ኳስ ይጫወታል። አንዷ ከትምህርት ቤት እንደወጣች እናቷን ጉሊት ላይ ታግዛለች፤ ማታ ታናናሾቿን ታበላለች። የእሱ ሚድ ከእሷ ቢበልጥ ያበለጠው ኳሱ ነው? ወይስ እንቅልፉ፣ ምሳው፣ የጥናት ሰዓቱ? ልጆቹ የሚለያዩት በስፖርት ብቻ አይደለም። የሚድ ውጤት ላይ ደግሞ ሽምደዳውም አለ፣ ኩረጃውም አለ፣ የአስተማሪው እርማትም አለ። (ኩረጃውን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።)

ስለዚህ ጥያቄውን አሳንሱት። ከምታስቡትም በላይ አሳንሱት። «ስፖርት ለአእምሮ ይጠቅማል ወይ?» ለእናንተም ለእኔም ትልቅ ነው። ይሄኛውን እዩት፦ «አንድ ተማሪ 15 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ከተራመደ በኋላ የትኩረት ፈተና ቢሰጠው፣ ሳይራመድ ከተፈተነበት ቀን ይሻላል ወይ?» ይሄ ይለካል። በስድስት ሳምንትም ያልቃል።

ዋናው ነገር ልጁን ከሌላ ልጅ ጋር አለማወዳደራችሁ ነው። ከራሱ ጋር አወዳድሩት። ሁሉም ተሳታፊ አንድ ቀን ይራመዳል፣ ሌላ ቀን አይራመድም። ያኔ ጉሊቱም ኳሱም በሁለቱም ቀን አብሮት ስላለ ሚዛኑን አያዛባም።

ፈላስፋው | ሰኞ ማታ 3፡41

ሰው ከአእምሮው 10 በመቶውን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ስፖርት የቀረውን 90 በመቶ ይከፍታል። እሱን ጻፉ፣ አለቀ።

ጎንደር_ሜዲካል | ሰኞ ማታ 4፡05

ፈላስፋው ወንድሜ፣ ይሄ ተረት ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ቁጭ ብለን ከምናቃጥለው ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን ይበላል። አብዛኛው ሥራ ፈት ቢሆን ሰውነት እንዲህ አድርጎ አይቀልበውም ነበር። እህቴ፣ እባክሽ ይሄን እንዳትጽፉ። አንድ ዳኛ ቢያይባችሁ የቀረውንም ማንበብ ያቆማል።

በምትኩ ለመግቢያችሁ የሚሆን ላዋጣ። እ.ኤ.አ. በ1999 ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሶልክ ተቋም ተመራማሪዎች የመሮጫ ጎማ የተሰጣቸውን አይጦች አጠኑ። ሯጮቹ አይጦች ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ካልሮጡት የበለጡ አዳዲስ የነርቭ ሴሎች ተገኙባቸው። ሂፖካምፐስ አዲስ ትውስታ ለመቅረጽ የምንጠቀምበት ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በሰው ላይ የተሠራ ታዋቂ ጥናት ወጣ። 120 ጎልማሶችና አዛውንት ተካፈሉ። ግማሾቹ በሳምንት 3 ቀን እስከ 40 ደቂቃ ተራመዱ። ከዓመት በኋላ በኤምአርአይ ሲታዩ ሂፖካምፐሳቸው 2 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ። የሌሎቹ ግማሾች 1.4 በመቶ ያህል ቀንሶ ነበር።

አሁን ለእናንተ የሚጠቅመውን ላሳይሽ። እነዚያ ሌሎቹ ቤታቸው አልተቀመጡም! እነሱም እየመጡ ሰውነት ማሳሳብና ማፍታታት ይሠሩ ነበር። ለምን? ከቤት መውጣቱ፣ ሰው ማግኘቱ፣ «እየተጠናሁ ነው» የሚለው ስሜት ብቻውን ሰውን ይቀይራል። ስለዚህ የማይራመድበት ቀን ላይ ልጁ ስልክ እየነካካ አይቀመጥ። ሁላችሁም አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ቀላል ንባብ እያነበባችሁ፣ ያንኑ 15 ደቂቃ አሳልፉ።

በልጆች ላይ ከተሠሩት ለእናንተ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ የተሠራው ነው። 20 ልጆች ናቸው፤ ዕድሜያቸው 9 እና 10 ዓመት አካባቢ። አንድ ቀን 20 ደቂቃ በመሮጫ ማሽን ላይ ተራመዱ፣ ሌላ ቀን ዐረፉ። የልብ ምታቸው ወደ ቦታው ሲመለስ የትኩረት ፈተና ተሰጣቸው። በተራመዱበት ቀን የተሻለ መለሱ። 20 ልጅ ብቻ! የእናንተ አንድ ክፍል ግማሽ እንኳን አይሆንም።

አንድ ማሳሰቢያ። እናንተ «አንጎል አደገ» ማለት አትችሉም። የምትለኩት ፍጥነትና ስህተት ነው፤ ሪፖርቱም ላይ ያንኑ ጻፉ። በስፖርት ጊዜ ይጨምራል ስለሚባለው፣ የነርቭ ሴሎችን እድገት ስለሚያግዘው ቢዲኤንኤፍ ስለተባለ ፕሮቲን በመግቢያው አንድ አንቀጽ ይበቃል። ደም መቅዳት የሚባል ነገር ግን በሕልማችሁም እንዳይመጣ።

ጠያቂዋ_11ኛ | ማክሰኞ ቀን 7፡10

ቲቸር፣ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለልጆቹ ሳነብላቸው «በቃ 11ዱን ገጽ ጣሉት» አሉ። ግን ትኩረትን በምንድን ነው የምንለካው? ማሽን የለንም።

ፊዚክስ_ያፈቅር | ማክሰኞ ቀን 7፡45

30 ሴንቲሜትር ማስመሪያ አላችሁ? በቃ።

አንዷ ማስመሪያውን ከላይ ጫፉ ላይ ትይዛለች። ተፈታኙ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ዜሮው ጋ ከፍቶ ይጠብቃል፤ ማስመሪያውን አይነካም። ሳትነግረው ትለቀዋለች። የያዘበትን ቁጥር ታነባላችሁ። ቀሪው የነጻ ውድቀት ቀመር ነው። ርቀቱን ወደ ሜትር ቀይሪ፣ በ2 አባዢ፣ ለ9.8 አካፍዪ፣ ስኩዌር ሩት ውሰጂ። 20 ሴንቲሜትር ላይ ከያዘ 0.20 ሰከንድ ገደማ ነው። 15 ላይ ከያዘ 0.175። የፊዚክስ አስተማሪሽም ይደሰታሉ።

ስትለቂ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለሽ እንዳትቆጥሪ። ቆይታውን ቀያይሪው፤ አንዴ 2 ሰከንድ፣ አንዴ 5። ያለዚያ ልጁ በግምት ይይዘዋል። አንድ ጊዜ ብቻም አይበቃም። 10 ጊዜ ልቀቂና መካከለኛውን ውሰጂ።

ባዮ_መምህር | ማክሰኞ ማታ 1፡20

ማስመሪያው ጥሩ ነው፤ ግን የሚለካው የምላሽ ፍጥነትን ነው። ትኩረትን ለብቻው ለመለካት የስትሩፕን ፈተና ጨምሩበት። ስትሩፕ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ነው፣ ፈተናውን እ.ኤ.አ. በ1935 ነው ያሳተመው። «ቀይ» የሚለውን ቃል በአረንጓዴ ቀለም ትጽፊያለሽ። ልጁ ቃሉን ማንበብ ሳይሆን ቀለሙን መናገር አለበት፦ «አረንጓዴ»። ሞክሪው፣ ምላስ ይተሳሰራል። ማንበብ ለለመደ ሰው አለማንበብ ከባድ ነው።

የፊደል_ሰው | ማክሰኞ ማታ 2፡02

ስትሩፕን በአማርኛ ስትሠሩት ጥንቃቄ አድርጉ። ለጀማሪ ማስተማሪያ ካርድ ስሠራ የገባሁበት ጣጣ ስለሆነ ልንገርሽ።

«ቀይ» ሁለት ፊደል ነው። «ሰማያዊ» አራት፣ «አረንጓዴ» ደግሞ አምስት። በሰማያዊ ቀለም የተሞላ ሉህ ለመናገር ብቻ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሉህ ላይ እያንዳንዱ ቀለም እኩል ጊዜ ይምጣ። 40 ቃል ከሆነና 4 ቀለም ካለሽ 10፣ 10 ይሁን። ቢጫን ተዪው፤ ነጭ ወረቀት ላይ ዓይን አይዘውም። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር ማርከር ይበቃችኋል። ቀለም ፕሪንት አድርጉ የሚል ከመጣ አትስሙት፣ ውድ ነው።

ሁለት የተለያዩ ሉሆች አዘጋጁ፤ የመጀመሪያውን ሉህ ቅደም ተከተል የሚሸመድድ አይጠፋም። አፍ መፍቻው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሆነ ልጅ ካለም አታስወጡት፤ ከራሱ ጋር ስለሚወዳደር በሁለቱም ቀን በአማርኛ ይሥራው። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚያስቸግረው ልጅ ካለ ግን ማስመሪያው ላይ ብቻ ይሳተፍ። በተለይ ወንዶቹ ውስጥ አይጠፋም፤ አንዳንዱ ራሱም አያውቀውም።

የአርሲ_እግር | ማክሰኞ ማታ 3፡15

እኔ ስለ አእምሮ አላውቅም፤ ስለ ሩጫ ግን ልናገር። ድሮ ለክለብ ሮጬያለሁ።

ሁሉንም ልጅ «ሜዳውን አምስት ዙር ሩጡ» ብትያቸው አንድ ዓይነት ስፖርት አልሠሩም። ለአንዱ ማሟሟቂያ ነው፣ ለሌላዋ ሞት ነው። ዙር አትቁጠሩ፣ የልብ ምት ቁጠሩ። ሁለት ጣት አንጓ ላይ። በአውራ ጣት አይደለም፣ አውራ ጣት የራሱ ምት ስላለው ያሳስታል። 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ።

ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሱ። ለ17 ዓመት ልጅ 203 ይመጣል፤ ግምት ነው፣ ግን ለእናንተ ይበቃል። ከዚያ ላይ ከ60 እስከ 70 በመቶ ያዙ። በደቂቃ ከ122 እስከ 142 ማለት ነው። በ15 ሰከንድ ከ31 እስከ 35 ካገኘሽ ደህና ነሽ። በቀላሉ፦ ማውራት የሚችል፣ ዘፈን ግን የሚያቅተው ልጅ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ጨርሶ ማውራት ካቃተው አስቁሙት።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ ገና የመጣ ልጅ ቶሎ ያለከልካል፣ አትሳቁበት። ልጃገረዶቹም ቱታ ይዘው ይምጡ። በዩኒፎርም ቀሚስ ፈጠን ብሎ መራመድ ቀርቶ ደረጃ መውጣትም መከራ ነው።

የሜሪላንድ_እናት | ማክሰኞ ሌሊት 6፡30

የኔ ልጅ፣ ጎበዝ ነሽ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ልጄ ባለፈው ዓመት እዚህ አሜሪካ የሳይንስ ውድድር ላይ ገብታ ነበር። እዚህ ሰው የሚሳተፍበት ፕሮጀክት ከሆነ መለካት ከመጀመሩ በፊት የግምገማ ኮሚቴ አይቶ ማጽደቅ አለበት። እሷ ቸኩላ ጓደኞቿን ቀድማ ለካቻቸው። ያ ሁሉ ቁጥር ተጣለ። ሁለት ቀን አለቀሰች።

እናንተ ጋ ኮሚቴው ባይኖርም ሐሳቡን ውሰጂው። ግማሽ ገጽ ጻፉ፦ ምን እንደምናሠራችሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ማቆም የፈለገ በማንኛውም ሰዓት ማቆም እንደሚችል። ተማሪው ይፈርም፣ ወላጅ ይፈርም፣ ቲቸራችሁም ይዩት። ከፊርማው ጋር ጥቂት ጥያቄ አድርጉ። አስም አለብህ? ልብህን ታክመህ ታውቃለህ? ስፖርት ስትሠራ ደረትህን አሞህ ወይም ራስህን ስተህ ታውቃለህ? በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ልብን የሚጎዳው ሩማቲክ የሚባለው በሽታ ሀገራችን ውስጥ ብዙ ወጣት ላይ አለ። አንድ «አዎ» ካለ ያ ልጅ አይራመድ፤ ሰዓት ይያዝላችሁ።

ስም አትጻፉ። ቁጥር ስጧቸው። ማስመሪያውን በ28 ሴንቲሜትር የያዘውን ልጅ ክፍሉ ሁሉ እንዲስቅበት አትፈልጉም።

ጠያቂዋ_11ኛ | ሐሙስ ማታ 1፡05

ጉድ ሆነናል። ወይም አልሆንንም፣ አላወቅነውም።

ሌላ ሰው ሳንነካ አራታችን በራሳችን ላይ ሞከርነው። ሁለታችን 10 ደቂቃ ገመድ ዘለልን፣ ሁለቱ ተቀመጡ። የዘለልነው በአማካይ ከ21 ሴንቲሜትር ወደ 17 ወረድን። ግቢውን በጩኸት አናወጥነው። ከዚያ የተቀመጡትን ስንለካቸው እነሱም ከ20 ወደ 17! ምንም ሳይሠሩ! አሁን አንዷ ጓደኛዬ «ርዕስ እንቀይር» እያለች ነው።

ባዮ_መምህር | ሐሙስ ማታ 1፡50

እንዳትቀይሩ! ያገኛችሁት ነገር ስም አለው፣ የልምምድ ውጤት ይባላል። ማስመሪያ መያዝ ራሱ ይለመዳል። የተቀመጡትን ባትለኩ ኖሮ 21 ወደ 17 ብላችሁ በትልቁ ትለጥፉ ነበር። አሁን ከወረደው 4 ሴንቲሜትር 3ቱን የወሰደው ልምምዱ ሊሆን እንደሚችል አያችሁ። ይሄን ሙከራ ሪፖርቱ ላይ እንደ ወረደ ጻፉት። እኔ ብሆን ለዚህ ብቻ ነጥብ እሰጣለሁ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከዋናው መለኪያ በፊት አንድ ቀን ሁሉም 20 ጊዜ ማስመሪያ ይያዝ፣ አንድ የስትሩፕ ሉህም ይሥራ። ያ ቀን አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ ዕጣ አውጡ። ግማሾቹ መጀመሪያ ቀን ተራምደው ሁለተኛው ቀን ይቀመጣሉ። ሌሎቹ በተገላቢጦሽ። የቀረ ልምምድ ቢኖር እንኳ ለሁለቱም ወገን እኩል ይደርሳል። ዕጣውን በወረቀት አውጡት እንጂ ልጆቹ «እኔ ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ ልራመድ» እያሉ አይምረጡ።

ማስመሪያውን የምትለቀው ልጅ ደግሞ ማን እንደተራመደ አትወቅ። ሳታስበው ለተራማጆቹ ትመቻችላቸዋለች።

ቡና_ጠጪ | ሐሙስ ማታ 1፡58

ቲቸር፣ በላብ የራሰ ሰው እያለከለከ ሲገባ እንዴት አትወቅ?

ባዮ_መምህር | ሐሙስ ማታ 2፡10

እሱማ እውነት ነው። 10 ደቂቃ ይረፉ፣ ትንፋሹ ይመለሳል። ከዚያ የተራመደውም የተቀመጠውም ፊቱን ታጥቦ ይግባ። ሁሉም ርጥብ ከሆነ ማን ምን ያውቃል።

ሰላም_ለሁሉ | ሐሙስ ማታ 2፡35

ቀኑን የመረጣችሁት መቼ ነው? አንዱ ቀን ማክሰኞ፣ ሌላው ዓርብ ካደረጋችሁት የሚጾመው ልጅ ዓርብ ሆዱ ባዶ ሆኖ ነው የሚፈተነው። ስትሩፕ ላይ የተሳሳተው አእምሮው ሳይሆን ሆዱ ነው። ረቡዕንና ዓርብን ተዉ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ያውም በአንድ ፒሬድ። ከምሳ በኋላ አይሁን፣ ግማሹ እያንቀላፋ ነው። ጠዋት ቡና ጠጥቶ የሚመጣ ካለ በሁለቱም ቀን ይጠጣ፣ ወይም በሁለቱም ቀን ይተው። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከገባ ደግሞ ተሳታፊዎቹን ጠይቃችሁ ወደፊት ወይም ወደኋላ ግፉት፤ የጾመ ልጅ አይራመድ።

ጠያቂዋ_11ኛ | ሐሙስ ማታ 3፡00

ኧረ ጾሙን ማናችንም አላሰብንም! ማክሰኞና ሐሙስ ይሁን። 20 ልጅ አግኝተናል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ቁጥሮቹን ሰብስበን ምን እናድርግ? አማካይ ብቻ ይበቃል? ለውጥ ባይመጣስ? ዜሮ እናገኛለን?

ፊዚክስ_ያፈቅር | ሐሙስ ማታ 3፡25

አማካዩን ሥሩ፤ ከእሱ ጎን ግን ሳንቲም አስቢ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለቱን ቀን አወዳድሪ፦ በተራመደበት ቀን ፈጥኗል ወይስ አልፈጠነም? መራመዱ ምንም ካልሠራ ይሄ እንደ ሳንቲም ውርወራ ነው፣ ግማሽ በግማሽ። 20 ሳንቲም ወርውረሽ 15ና ከዚያ በላይ አንበሳ የሚመጣው ከ100 ሙከራ 2 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከ20 ልጅ 15 ከፈጠነ በአጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል። 12 ከፈጠነ ግን ዝም በይ፤ ሳንቲም ያንን ሁልጊዜ ያደርገዋል። ለ11ኛ ክፍል ከዚህ በላይ ስታትስቲክስ አያስፈልግሽም።

መስፈርቱን ከመለካታችሁ በፊት ጻፉት። «15 ከደረሰ ለውጥ አለ እንላለን» ብላችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ለቲቸር ስጡ። በኋላ 13 ሲመጣ «13ም ብዙ ነው» ማለት ያምራል፣ አውቀዋለሁ።

ጎንደር_ሜዲካል | ሐሙስ ማታ 3፡40

ለውጥ ባይመጣ አይግረማችሁ። በአንድ ጊዜ እንቅስቃሴ ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ጥቅሙ አለ፣ ግን ትንሽ ነው። ትንሽ ነገር በ20 ልጅና በማስመሪያ ላይታይ ይችላል። ያኔ «ለውጥ የለም» አትበሉ፤ «በዚህ መለኪያና በዚህ ብዛት አላየነውም» በሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ጠያቂዋ_11ኛ | ሰኞ ማታ 2፡15

ቲቸር ፈረሙልን! «አሁን ፕሮጀክት ሆነ» አሉ። ከ20ው ልጅ የ17ቱ ወላጆች ፈርመዋል፤ ሦስቱ ነገ ያመጣሉ። አንድ ልጅ አስም አለብኝ ስላለ ሰዓት ያዥ አድርገነዋል፣ በእሱ ቦታ ሌላ ልጅ ገብቷል። «15» የሚለውንም ጽፈን አስረከብን። የልምምዱ ቀን ነገ ነው።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ፊታቸውን ታጥበው ሲመጡ እጃቸው ርጥብ ነው፣ የላስቲኩ ማስመሪያ ይንሸራተታል። ዛሬ ሁለት ጊዜ ወድቆ ጫፉ ተሰብሯል።

ቡና_ጠጪ | ሰኞ ማታ 2፡19

የእንጨት ማስመሪያ ግዙ። ፎጣም ያዙ።

የአርሲ_እግር | ሰኞ ማታ 2፡31

ፎጣው ሁለት ይሁን። አንዱ ይጠፋል።